የጎደለው ሁለት ዓመት ይሞላልኝ ያልሁ ዕለት

ፍትሕ መውደድ እንደ ወባ ነው። አንዴ ደም ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ ወቅቱን እየጠበቀ ይነሣል። ወባን በክኒን ያስታግሱታል። ለዚህኛው ግን የልጅ ልጄ ትርንጎ ነርስ ሆና እንኳ መድኃኒት አላገኘችለትም፤ ጭራሽ አንድ ጊዜ እሷኑ ይዟት ሊሄድ ነበር። ዛሬ የማጫውታችሁ የዚያን ጊዜውን ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የመተማ ሴት ነኝ፤ አባቴ ከደጋ ወርዶ፣ ጫካ መንጥሮ፣ ሰሊጥ ዘርቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ነው። እሱንም ቢሆን በሰላም አልጨረስሁትም። በምረቃው ቀን አስተማሪያችን «ሁላችሁም አልፋችኋል» ብሎ ሲያጨበጭብ እጄን አወጣሁና፣ «ጎረቤቴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተኝታ ነው የከረመችው፤ እሷ ካለፈች እኔ ሁለት ጊዜ ልለፍ» ብዬ ጭብጨባውን አስቆምሁት። ጎረቤቴ እስከ ዛሬ እሳት አታበድረኝም።

ገበያ ላይ ደግሞ ሌላ ነኝ። የቆላ ነጋዴ ሰሊጥ ሲሰፍር ሌባ ጣቱን ቁናው ውስጥ ይከታል፤ በየቁናው አንድ ጣት ሰሊጥ ይተርፈዋል። የጣሳውን ቂጥ በድንጋይ ቀጥቅጦ ወደ ውስጥ የሚያጎብጥም አለ። እኔ ቁናውን ገልብጬ፣ ጣሳውን ደባብሼ፣ የሰውየውን ጣት ቆጥሬ ነው የምሸጥም የምገዛም። ከሱዳን የሚሻገሩት ነጋዴዎች ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «ሀቦባ መጣች» ይባባላሉ፤ አያት መጣች ማለታቸው ነው። በእነሱ አፍ አያት ማለት የፖሊስ እህት ማለት ነው መሰለኝ፣ እኔ ስመጣ መስፈሪያቸውን ያራግፋሉ።

ይህን ጠባዬን ይዛችሁ ወደ ትርንጎ ተከተሉኝ።

ትርንጎን ከጡት ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ጎንደር ነርስነት ተምራ እኛው ጤና ጣቢያ ተመደበች። አገሩ ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። እኔ ትርንጎ ነው የምላት፤ ሰው ሲሰማ ግን አንዳንዴ ሲስተር እላለሁ፣ ለሚሰማው ሰው ብዬ። እሷ እኔን «እማ» ብላ አንቺ ትለኛለች። የተቆጣች ቀን ብቻ እርስዎ ትለኛለች፤ ያን ጊዜ ቤት ውስጥ የምቀመጥበት ይጠፋኛል።

ጥቅምት ላይ ነው፣ ሰሊጥ የሚታጨድበት ሰሞን። በወንፊት እህል እየነፋሁ ሳለ ትርንጎ ከሥራ መጣች። ፊቷ እንደ ቅቤ ይወዛል።

«እማ፣ ተሳካልኝ» አለች።

«ምኑ?»

«ትምህርቱ ነዋ። ክረምት ጎንደር ወጥቼ የተፈተንሁት። ከዚህ ከቆላው አንድ ነርስ ነው የሚወስዱት፤ ያቺ አንዷ እኔ ነኝ።»

እልል ልል አፌን ከፈትሁ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ደስ የሚለው ደግሞ ማጠሩ ነው። ሌላው በአራት ዓመት የሚማረውን ዲግሪ እኔ በሁለት ዓመት እጨርሳለሁ። ከዚያ ሳላቋርጥ ወደ ማስተርስ።»

እልልታው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

«ሁለቱ ዓመት የት ሄደ?» አልኋት።

«እንዴት የት ሄደ?»

«አራት ነው የሚሰፈረው አልሽ። ላንቺ ሁለት ሰፈሩልሽ። የቀረውን ማን ወሰደው?»

ትርንጎ ሳቀች። በነገሬ ሲሳቅ ደግሞ አልወድም።

«ማንም አልወሰደውም፣ እማ። ነርስነት የተማርሁት፣ ጤና ጣቢያ የሠራሁት ሁሉ ይቆጠርልኛል። የማውቀውን መልሰው አያስተምሩኝም፣ በቃ ይኸው ነው።»

«ነጋዴውም እንዲህ ነው የሚል። ቁናዬ ትልቅ ናት፤ ባትሞላም ትበቃሻለች ይላል። ማስተርስ ያልሽውስ ምንድን ነው?»

«ዲግሪ ላይ የሚደረብ ዲግሪ ነው።»

«ነጠላ ላይ እንደሚደረብ ጋቢ?»

«እንደሱ በይው።»

«ታዲያ ነጠላውን ለሁለት ቀደው ግማሹን ከሰጡሽ ጋቢው ምን ላይ ሊደረብ ነው?»

እየሳቀች እጇን ልትታጠብ ወጣች። ብትከራከረኝ ይሻል ነበር። ዝም ያለኝ ሰው ሁሉ የተስማማ ይመስለኛል፤ በዚህ ጠባዬ ስንት ጋብቻ አበላሽቻለሁ።

ወንፊቴን ይዤ አሰብሁ። ለቆላ ሲሆን ሁሉ ነገር ጎደሎ ነው የሚደርሰን። ስኳር ሲመጣ ግማሽ ጆንያ። አቡጀዲ ሲመጣ ግማሽ ጣቃ። አስተማሪ ሲመጣ ሙቀቱ አልተስማማኝም ብሎ በግማሽ ዓመት ይመለሳል። አሁን ደግሞ ትምህርቱን ራሱን ከግማሹ ቆርጠው «ላንቺ ይበቃሻል» አሏት። የደጋ ልጅ አራት ተሰፍሮላት የኔ ልጅ ሁለት? አንድ ሰው ጣቱን ቁናው ውስጥ ከትቷል አልሁ። ያውም አንድ ጣት አይደለም፤ ክንዱን እስከ ብብቱ።

ሲነጋ ለትርንጎ ሳልነግራት የወረዳው ቢሮ ወዳለበት ወደ ገንዳ ውሃ በሚሄድ ሎሪ ላይ ወጣሁ።

ሎሪው ማሽላ ጭኗል፤ በማሽላው ላይ እኛ ተጭነናል። አጠገቤ ለአጨዳ የወረዱ የወሎና የጎጃም ልጆች ተቀምጠዋል። መንገዱ አቧራ ነው፤ ሰው ከሰው የሚለየው በሳሉ ብቻ ነው። አንዱ የወሎ ልጅ «እናቴ፣ ወዴት ነው?» ቢለኝ ነገርሁት።

«ታዲያ እኮ ልክ ነዎት» አለኝ። «እኔንም አምና እንዲሁ አድርገውኛል። ትራክተር መንዳት ሊያስተምሩኝ ወስደው መሪውን ብቻ አሳይተው መለሱኝ።»

«አየህ» አልሁት።

ሌላው ከወዲያ በኩል «ለልጅቷ ደመወዟንም ግማሽ ነው የሚያደርጉት» አለ። የት እንደሰማው አልጠየቅሁትም፤ ሲያዩት እውነት የሚናገር ሰው ይመስላል። ኮኪት ስንደርስ የጎደለው ሦስት ዓመት ሆኗል። ገንዳ ውሃ ስንገባ ትርንጎ አንድም ቀን ሳትማር በር ላይ የምትመለስ ሆና፣ ሎሪ ሙሉ ሰው ስለ እሷ ተቆጥቶ ነበር። ሾፌሩ ሳይቀር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አይልቀቋቸው፣ እማማ» አለኝ።

የጤና ሠራተኛ ለትምህርት የሚለቅቀው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ መኳንንት ይባላል። ስሙ መኳንንት፣ ሥራው መኳንንትን ማውገዝ ነው፤ እናቱ ስም ስታወጣ አብዮት ይመጣል ብላ አላሰበችም። ቀጭን ነው፤ የካኪ ልብሱ ከሱ ቀድሞ ይቀመጣል።

«አቤቱታ አለኝ» አልሁት።

«በማን ላይ ነው፣ እማማ?»

«በሰፋሪው ላይ። ሌላው አራት ዓመት በሚማረው ትምህርት የኔዋ ሲስተር ሁለት ዓመት ነው የተባለች። ይኸ ትክክል ነው?»

ጓድ መኳንንት ብዕሩን አስቀመጠ። ዓይኑ በራ።

«ይገርማል» አለ። «እኔም ከጀመረ ጀምሮ ሲከነክነኝ የነበረ ጉዳይ ነው። አንዱ አራት ዓመት ይለፋል፤ ሌላው በአቋራጭ። ይኸ እኩልነት ነው?»

«ምን እኩልነት አለው» አልሁ።

«መታረም አለበት።»

«መታረምማ አለበት።»

ልብ በሉ። እኔ ለልጄ አነሰባት እያልሁ ነው። እሱ ለልጅሽ በዛላት እያለ ነው። ሁለታችንም ራሳችንን እየነቀነቅን፣ በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ እየጎተትን ተግባባን።

«የገዛ ቤተሰቧን ሳትፈራ የምትታገል እናት» አለ፣ ተነሥቶ እጄን እየጨበጠ። «ጉዳዩ ለሕዝብ ስብሰባ ይቀርባል። እስከዚያ መልቀቂያዋ ባለበት ይቆማል።»

ገበያ ላይ በሚዛን የሰረቀ ነጋዴ እስኪጣራ ድረስ ሱቁ ይታሸጋል። ያ መሰለኝ። ጓድ መኳንንትን መርቄ፣ ደረቴን ነፍቼ በማታው ሎሪ ተመለስሁ። ቤቴ ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ትርንጎ በሩ ላይ ቆማለች።

«እርስዎ ገንዳ ውሃ ሄደው ነበር?» አለችኝ።

እርስዎ። የምቀመጥበት ጠፋኝ።

«አዎ፣ የጎደለብሽን ላስሞላ።»

«አስሞልተው ተመለሱ። መልቀቂያዬ ታግዷል። ምዝገባው ከዚህ ሳምንት አያልፍም። እኔ ካልደረስሁ በስተኋላዬ ያለው ተፈታኝ ይገባል፤ ከሌላ አገር ነው። ለቆላው ዳግመኛ ቦታ ይሰጣሉ አይሰጡም የሚያውቅ የለም።»

ነጠላዬን ማጣጠፍ ጀመርሁ። ምንም የሚታጠፍ ነገር አልነበረውም።

«አምና ከኮኪት በቃሬዛ ያመጧትን ወላድ ያስታውሷታል?» አለች ትርንጎ። አትጮህም፤ መጮህ አታውቅም። «እጄን ይዛ እህቴ፣ እህቴ እያለችኝ ጎንደር ሳንደርስ አለፈች። ምን እንደያዛት አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬም አላውቅም። የምሄደው ለዚህ ነው። በአራት ዓመት የማውቀውን በሁለት ዓመት ካወቅሁት፣ ሁለት ዓመት ቀድሜ እደርሳለሁ። የጎደለብኝ ነገር የለም።»

ይህን ብላ ገባች። እኔ ውጭ ቀረሁ።

ሰው ይህን ሰምቶ ወዲያው ተጸጸተች ይላል። ውሸት አልነግራችሁም። አዘንሁላት፤ ጭንቅላቴ ግን ቁናውን አልለቀቀም። ለልጄ ማዘንና የመስፈሪያ ትክክል የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በአንዱ ሌላውን ማካካስ ራሱ ማጭበርበር ነው አልሁ። ይህን ያህል ነው ግትርነቴ። በማግሥቱ ምክር ልጠይቅ ወደ ካቦ አዱኛ ሄድሁ።

ካቦ አዱኛ ከኮኪት ወዲህ ባለው የመንግሥት እርሻ የአጫጆች አለቃ ነው፤ የሟቹ ባሌ የአክስት ልጅ። ስደርስ ማሳው ዳር ጠብ ተነሥቷል። አንድ ጎጃሜ አጫጅ ቁርቁራ ጥላ ሥር በጀርባው ተንጋልሎ፣ ማጭዱን ደረቱ ላይ አስቀምጧል። ራሱ ላይ ሰዓት ተቆጣጣሪው ቆሞ ይጮሃል።

«ተነሥ። ፀሐይ ገና እዚያ ናት፤ ሌላው ሰው እየሠራ ነው።»

«ቁርጤን ጨርሻለሁ» ይላል ጎጃሜው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ሌላው ሙሉ ቀን እየሠራ አንተ ግማሽ ቀን?»

የኛ አገር አጨዳ በቁርጥ ነው። ጠዋት ካቦው በገመድ ለክቶ ለየሰዉ ድርሻውን ይቆርጥለታል። ድርሻህን ከጨረስህ ካቦው በማሳው ውስጥ ይመላለሳል፤ ቆሞ የቀረ አገዳ ካየ «እቺን ጨምር» ይልሃል፤ ካላየ ቀኑ የራስህ ነው። ተኛበት፣ ዝፈንበት፣ ማንም አይናገርህም። ይህን ሕግ ሕፃን ያውቀዋል፤ ተቆጣጣሪው ግን አዲስ ነው፣ ከከተማ የመጣ።

ፍትሕ ተነሣብኝ። የመጣሁበትን ረሳሁ።

«ስማ፣ አንተ ልጅ» አልሁት። «የምትቆጥረው ፀሐይ ነው ወይስ ሰሊጥ?»

«ሰዓት ነው የምቆጥረው፣ እማማ።»

«ሰሊጥ በሰዓት ይለካል እንዴ? የዚህ ሰው ማሳ ታጭዷል አልታጨደም?»

«ታጭዷል።»

«ታዲያ የታጨደ ዳግመኛ ይታጨዳል? ተነሥቶ ገለባውን ይጨድልህ? ፈጥኖ የጨረሰ ሰው ፈጥኖ በመጨረሱ ይቀጣል? አንተ ስትወለድ በዘጠኝ ወር ወጣህ፤ እናትህ ዓመት እስኪሞላ ያዢው ተብላለች?»

አጫጆቹ ማጭዳቸውን እየጣሉ ሳቁ። ጎጃሜው ተኝቶ እንዳለ አንድ ዓይኑን ገለጠና «እድሜ ይስጥዎ» ብሎ መልሶ ጨፈነው። ተቆጣጣሪው ባርኔጣውን አስተካክሎ ሄደ። እኔ ደረቴን ነፍቼ ወደ ካቦ አዱኛ ዞርሁ። ካቦው እንደ ሌሎቹ አልሳቀም። በጣም ዝግ ብሎ ነው ያየኝ።

«እትዬ» አለኝ። «ትናንት ገንዳ ውሃ ምን ብለው መጡ?»

አፌን ከፈትሁ። ዝንብ ገብቶ ወጥቷል ብባል አልክድም።

ትርንጎ አገዳዋን ስታጭድ የኖረች ልጅ ናት። ነርስነት ተምራለች፤ ስንት ወባ ያንቀጠቀጠው ሰው አንሥታለች፤ ፈታኙ ክረምት ላይ በማሳዋ ተመላልሶ ቆሞ የቀረውን አይቷል። ቆሞ የቀረው የሁለት ዓመት ነው። እኔ ደግሞ እንደዚያ ባለ ባርኔጣ ልጅ ራሷ ላይ ቆሜ፣ ተነሺና የታጨደውን እጨጂ እያልሁ ነበር። ያውም እስከ ወረዳ ሄጄ።

«አዱኛ፣ ወደ ገንዳ ውሃ የሚሄድ መኪና አለ?» አልሁ።

ጓድ መኳንንትን ቢሮው ውስጥ አገኘሁት።

«አቤቱታዬን አንሥቻለሁ» አልሁት።

«አይነሣም» አለኝ፣ በትሕትና። «አንዴ ከቀረበ የሕዝብ ነው።»

«እንግዲያው ስብሰባው ላይ አልገኝም። ከሳሽ ከሌለ ክስ የለም።»

«ከሳሽ ካልቀረበ ጉዳዩ ለአውራጃ ይተላለፋል።»

ለአውራጃ የተላለፈ ነገር ምን እንደሚሆን የቆላ ሰው ያውቀዋል። ለውሃ ጉድጓድ የተላለፈ ጥያቄ አለን፤ ጠያቂዎቹ ሞተው ልጆቻቸው በውሃ ጥም ጸጉራቸው ሸብቷል። ካልከሰስሁ ነገሩ አውራጃ ሄዶ ይቀራል፤ ከከሰስሁም ትርንጎ ትታገዳለች። የገዛ እጄን ቁናው ውስጥ ከትቼ ጣቴ አልወጣ አለኝ።

ስብሰባው በማግሥቱ፣ እኛው ዘንድ በእህል መጋዘኑ ውስጥ ሆነ። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ያን ቀን ሰው እዚያ ውስጥ ይጋገር ነበር። ገበሬው፣ የሴቶች ማኅበሩ፣ ሥራ ፈትቶ የዋለው አጫጅ ሁሉ ገብቷል። ያ ጎጃሜም መጥቷል፤ ቁርጡን ጨርሶ ነው፣ ማን ይከለክለዋል። ትርንጎ ነጭ ልብሷን እንደለበሰች ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። አላየችኝም። ያላየችኝ ሆን ብላ ነው።

«ከሳሽ?» አለ ጓድ መኳንንት።

«እኔ» አልሁና ቆምሁ።

«ተከላካይ?»

ትርንጎ ልትነሣ ስትል ቀደምኋት። «እሱም እኔ ነኝ።»

ጓድ መኳንንት ከወንበሩ ቀና አለ።

«ሁለቱን መሆን አይቻልም፣ እማማ።»

«ለምን? አንድ ሰው ሁለት ሥራ አይይዝም የሚል መመሪያ አለ? አንተ ራስህ የስንት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነህ?»

ሳቁ ከጀርባ ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ። ጓድ መኳንንት የኮሚቴዎቹን ብዛት በሆዱ ቆጥሮ መሰለኝ፣ «ይቀጥሉ» አለ።

በግራ በኩል፣ ከጆንያዎቹ አጠገብ ቆምሁ። ይህ የከሳሽ ቦታ ነው አልሁ። እንግዲህ ትርንጎን ላድን ስለመጣሁ ክሱን ቀዝቀዝ አድርጌ ባቀርበው ማንም አይፈርድብኝም ነበር። ግን ጣትን ቁና ውስጥ መክተት ለራስ ሲሆንም ያው ነው። ክሱን በደንብ ሰፈርሁት፤ ሸክሸክ አድርጌ።

«ወገኖቼ፣ ሌላው አራት ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለፋል። ይህች ሁለት ዓመት ተቀምጣ እኩል ትባላለች። ይኸ ፍርድ ነው? ነገ ሁሉም በግማሽ ልለፍ ቢል ማን ሙሉ ይማራል? በግማሽ የተማረ ሰውስ በግማሽ ነው የሚያክማችሁ?»

ሰዉ «እውነት ነው» ብሎ አጉረመረመ። ከኋላ አንዱ «አይልቀቋት» አለ። ትርንጎ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ጓድ መኳንንት በደስታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ደረሰ።

ነጠላዬን ፈትቼ በሌላው ትከሻዬ አጣፋሁትና ወደ ቀኝ ተሻገርሁ።

«አሁን ደግሞ እቺን ከሳሽ የተባለች ሴትዮ ስሟት» አልሁ፣ ወደ ባዶው ቦታ እያመለከትሁ። «ገና ሰሊጥ አጨዳ የማታውቅ ትመስላለች። እዚህ ውስጥ በቁርጥ ያላጨደ ማን አለ?»

ማንም እጁን አላወጣም።

«ቁርጡን ጨርሶ ለሄደ ሰው፣ ሌሎቹ ስላልጨረሱ ተመልሰህ የታጨደውን እጨድ የሚል ካቦ አይታችኋል?»

«የት አባቱ» አለ ጎጃሜው።

«ይህች ልጅ የነርስነቱን ማሳ አጭዳ ነው ጎንደር የሄደች። ያላጨደችው የሁለት ዓመት ነው። እሱን ልታጭድ ነው የምትሄድ። የአራት ዓመት ማሳ በሁለት ዓመት አይደለም፤ የሁለት ዓመት ማሳ በሁለት ዓመት ነው።»

«ማሳዋን ማን አየላት?» አለ ጓድ መኳንንት። ነገር አዋቂ ነው፣ አይካድም። «አጨድሁ ማለት ማጨድ አይደለም።»

«ፈታኙ አይቶላታል። ከዚያ ወዲያ እናንተ አይታችኋል። ዘንድሮ በወባ ተይዞ በሷ እጅ የተነሣ ሰው እጁን ያውጣ።»

መጋዘኑ የእጅ ዱር ሆነ። ጓድ መኳንንት የራሱን እጅ ጉልበቱ ላይ ሊይዘው ሞከረ፤ ነሐሴ ላይ እኛ ዘንድ ለሥራ መጥቶ ብርድ ብርድ ሲለው ደጃፏ ተጠቅልሎ ማደሩን ያላየ ሰው አልነበረም። ጣቱ ብቻ ትንሽ ብድግ አለች። ለኔ በቃችኝ።

ወደ ግራ ሮጥሁ። ከሳሽ ገና አልጨረሰችም ነበርና።

«ነርስ ያልሆነች የሌላ ሰው ልጅስ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ለሷ አራት፣ ለሲስተር ሁለት?»

ወደ ቀኝ ተመለስሁ። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው። «ያቺ ገና ማጭድ አልያዘችም። ነርስነቱን ትማር፣ እንደዚህች ወገቧ እስኪጎብጥ ትሥራ፣ እንዲሁ ይቆጠርላት። ለሠራ ሁሉ የተከፈተ በር አቋራጭ አይባልም፤ በር ነው የሚባል። የማይቆጠርላት ቀን እኔው ራሴ እከስላታለሁ።»

«ያደርጉታል» አለ አንድ ሰው፣ በፍርሃት።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ በዱላው ተደግፎ ተነሣ። «ሁሉም ጥሩ ነው» አለ። «እሷ ከሄደች ግን እኛን ማን ያክመናል?»

ይኸ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። እኔም ከግራ ልመልስ ወይ ከቀኝ ጠፍቶኝ መሀል ላይ ቆምሁ። ያን ጊዜ ትርንጎ ተነሣች።

«አባባ፣ እስክመለስ ምትክ ነርስ ይመደባል» አለች። «እኔ ግን እናንተን ጎንደር ሳላደርስ የማጣበት ነገር ሰልችቶኛል። ተምሬ ስመጣ ሌሎች ነርሶችንም አስተምራለሁ። የሚጠብቁኝ ጊዜ እንዳይረዝምብዎት ብዬ ነው አጭሩን የመረጥሁ።»

ሽማግሌው አሰበ። «ረጅሙን ብትመርጭ ደግሞ እኔ አልደርስበትም» አለና ተቀመጠ። እንደተቀመጠ እጁን አወጣ። እሱን ተከትሎ ሁሉም አወጣ። እኔ ሁለት እጄን ላወጣ ስል ትርንጎ አንዱን ያዘችና ወደ ታች ጎተተችው። «እማ፣ አንድ ሰው አንድ እጅ ነው» አለችኝ። አንቺ ለማለት ገና አልደረሰችም፤ እርስዎም ግን አላለችኝም።

«የሚቃወም?» አለ ጓድ መኳንንት።

ማንም። ወደ ግራው ባዶ ቦታ ሁላችንም ተመለከትን። ከሳሽም ዝም አለች።

«መልቀቂያዋ ይሰጥ» አለ። ብዕሩን አንሥቶ ደግሞ ወደኔ አየ። «ቃለ ጉባኤው ላይ ከሳሽና ተከላካይ መፈረም አለባቸው። ማን ተረታ ልበል፣ እማማ?»

«እኔ ተረታሁ በል። ከዚያ በታች ደግሞ እኔ ረታሁ በል።»

ስሜን ሁለት ጊዜ ጻፍሁ። የተረታሁበትን አነስ አድርጌ፣ የረታሁበትን እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ዘርግቼ።

ጨረሰች ወይ ትሉኛላችሁ። ጨረሰች። ነጠላውንም ለበሰች፣ ጋቢውንም ደረበች፤ ሳታቋርጥ፣ እንዳለችው። ዛሬ እሷ ያስተማረቻቸው ነርሶች እስከ ገለጉ ድረስ አሉ፤ መኪና በማይገባበት በእግራቸው ይገባሉ። እኔን ግን ከምረቃዋ ይልቅ የሚታወሰኝ የሄደችበት ጠዋት ነው።

ሎሪው ሰሊጥ ጭኗል። አጫጆቹ ከላይ ሆነው እጇን ይዘው አወጧት፤ ጎጃሜው ጆንያውን እንደ ዙፋን አደላድሎ አስቀመጣት።

«እማ» አለችኝ ከላይ ጎንበስ ብላ። «ከእንግዲህ ስለኔ ቢሮ አትሂጂ።»

አትሂጂ። አንቺ።

«ጉድለት ካላየሁ» አልኋት።

ሎሪው ሲነሣ አንዱ አጫጅ እጅጌውን እየጠቀለለ ቁስሉን ያሳያት ጀመር፤ ሌላው ከወዲያ ምላሱን አወጣላት። ገና ከከተማው ሳይወጡ የሰሊጥ ጭነቱ ላይ ጤና ጣቢያ ተከፈተ። አቧራው እስኪውጣቸው ቆሜ አየሁ።

ከዚያ የመንገዱን መሀል ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ከኋላዬ ሌላ ሎሪ መጥቶ ጡሩንባ ነፋ። ደግሞ ነፋ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «እናቴ፣ ዳር ይያዙ» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን መንገድ ለመኪና ይለቀቃል፣ ደንቡ ነው። ያን ቀን ግን አልለቀቅሁለትም፤ ሎሪውም ደንቡም ቀስ ብለው ከኋላዬ እንዲከተሉኝ ተውኋቸው።